ለአንባቢ ዓይን የሚታይ ገለጻ እንዴት ይጻፋል?

«ወይዘሮ አስካለ የሚኖሩበት ቤት በጣም ያረጀና የሚያሳዝን ነበር።» አጭር ልቦለድ መጻፍ በጀመረ ሰው ረቂቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ማግኘት የተለመደ ነው። የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ አንባቢው ግን ከዚህ የሚደርሰው የጸሐፊው ፍርድ ብቻ ነው፤ ቤቱን አላየውም። የማሻሻሉ ሥራ የሚጀምረው ጸሐፊው ወደ ኋላ ተመልሶ «ምን አይቼ ነው ያረጀ ያልሁት?» ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ነው።

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ስም ሆኖ ይገኛል። «ዕቃ» የተባለው ነገር እንቅብ ነው፣ ሰፌድ ነው ወይስ አገልግል? «ዛፍ» የተባለው ግራር ከሆነ ጥላው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ነው፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ቀጥ ብሎ የወጣና ቅርፊቱ የሚላጥ ነው። ትክክለኛው ስም የገለጻውን ግማሽ ሥራ ስለሚሠራ ቅጽል መደርደር አያስፈልግም። ስም ዘመንንም ይዞ ይመጣል፦ ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በመሆኑ፣ በዐፄ ፋሲል ጊዜ በሚፈጸም ታሪክ ውስጥ ጎንደር ላይ ባሕር ዛፍ የሚያበቅል ደራሲ ጠንቃቃ አንባቢውን እዚያው ያጣዋል።

ከስም ቀጥሎ የሚመረመረው ግስ ነው። ሰው «ተቀመጠ» ሲባል ምንም አይታይም፤ ቁጢጥ ካለ ግን ለመነሣት የተዘጋጀ ይመስላል፣ ከተጎለተ ሥራ የፈታ ወይም የሰለቸን ነው፣ ከተንፈራጠጠ ደግሞ ቦታውን የራሱ አድርጎታል። አማርኛ በዚህ ረገድ የታደለ ነው፤ በተለይ «አለ» እና «አደረገ» እየተከተሏቸው የሚነገሩት ቃላት ድምፅን፣ ብርሃንንና እንቅስቃሴን በአንድ ትንፋሽ ያሳያሉ። ኩራዝ ቦግ ይላል፣ ጭል ጭል ይላል፣ ድርግም ይላል። «ኩራዙ ጭል ጭል ይላል» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ጋዙ እያለቀ መሆኑንና ቤቱ በቅርቡ እንደሚጨልም በተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የለበትም። ይሁን እንጂ እነዚህን ቃላት በአንድ አንቀጽ ውስጥ አራትና አምስት ጊዜ መደጋገም ጽሑፉን ለሕፃናት የሚነገር ተረት ያስመስለዋል፤ በእኔ ግምት ለአንድ አንቀጽ አንድ ይበቃል።

አሁን ወደ ወይዘሮ አስካለ ቤት እንመለስ። «ጣሪያው ሁለት ቦታ ስለሚያፈስ ወይዘሮ አስካለ አንዱን ጠብታ በሳፋ፣ ሌላውን እጀታው በወለቀ ድስት ይቀበሉታል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ድስቱን አንሥተው ይደብቁና ጠብታው ከሚወርድበት ቦታ ራሳቸው ይቀመጣሉ።» እዚህ ውስጥ «ያረጀ» የሚልም «የሚያሳዝን» የሚልም ቃል የለም። ሳፋውና ድስቱ ብቻቸውን ቢቀሩ ኖሮ ጥሩ የዕቃ ዝርዝር ከመሆን አያልፉም ነበር፤ ዝርዝሩን ያነቃው ሴትዮዋ በድስቱ ያደረጉት ነገር ነው። ስለዚህ ከብዙ ዝርዝሮች መካከል አንዱን መምረጥ ሲያስፈልግ፣ ባለቤቱ የሚነካውን፣ የሚደብቀውን ወይም የሚያፍርበትን ይምረጡ።

የሰውን መልክ መግለጽ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ቋንቋው አስቀድሞ የተዘጋጀ ሙገሳ ያቀርባል። ዞማ ፀጉር፣ ሰልካካ አፍንጫ፣ በረዶ የመሰለ ጥርስ፣ ሎሚ ተረከዝ የሚሉት በዘፈንና በቃል ግጥም ውስጥ ዛሬም ያምራሉ፤ አድማጭ የሚያውቀውን ሲሰማ ይደሰታልና። በልቦለድ ውስጥ ግን ሴቶችን ሁሉ አንዲት ሴት ያደርጓቸዋል። መፍትሔው የዚያች ሴት ብቻ የሆነ አንድ ነገር መፈለግ ነው። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ አካባቢዎች የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት እዚያ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ይበልዛል፤ ከዚያ አካባቢ የመጣች ገጸ ባሕርይ ስትስቅ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ብትወስድ፣ የትውልድ ስፍራዋም ሐፍረቷም በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ይታያል።

የቃላት አሰላለፍም ሊዘነጋ አይገባም። በአማርኛ ገላጩ ከስሙ ስለሚቀድም፣ «ለዘመናት ያልታደሰው፣ ግድግዳው የተቦረቦረው፣ በሩ የተንጋደደው፣ በጭስ የጠቆረው ቤት» ሲባል አንባቢው የምን እንደሆኑ ሳያውቅ አራት ሸክሞችን ተሸክሞ ይጓዛል። ስሙን አስቀድሞ መስጠትና ቅጽሎቹን ወደ ግስ መለወጥ ይቀልላል፦ «ቤቱ በጭስ ጠቁሯል፤ በሩ ተንጋድዶ ከመቃኑ አይገጥምም።»

የሚያየው ማን እንደሆነም ቃሉን ይወስነዋል። ከፈረስ ጋር ያደገ ገበሬ «ዳማ» ወይም «ቦራ» የሚለውን፣ ከተማ ያደገ ልጅ «ቡናማው ፈረስ» ወይም «ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት» ይለዋል፤ የልጁን ዓይን ተውሶ በገበሬው ቃል መጻፍ ታሪኩን ያፋልሰዋል።

ረቂቁ ሲያልቅ ለአንድ ሰው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡለትና ወረቀቱን ያስቀምጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ምን እንደሚታየው ይጠይቁት። ያላነሣቸውን ዝርዝሮች ያለ ርኅራኄ ይሰርዙ። ያልጻፉትን ነገር አይቶ ከነገረዎት፣ ለምሳሌ የወይዘሮ አስካለ ትከሻ መራሱን ካነሣ፣ እርሱን ወደ ጽሑፉ አይጨምሩት።