በኒሺኪ ገበያ ምሳቸውን እየቀመሱ ለሚያሳልፉ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጃፓን የኪዮቶ ከተማ እምብርት የሚገኘው ኒሺኪ ገበያ አንድ ጠባብ መንገድ ነው። ርዝመቱ ወደ 390 ሜትር ይጠጋል፤ ስፋቱ ግን ከ5 ሜትር አይበልጥም። ከላዩ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ የተዋበ ጣሪያ አለው፤ በግራና በቀኝ ከ100 በላይ ሱቆች ተጠጋግተው ተደርድረዋል። የከተማው ሰው «የኪዮቶ ወጥ ቤት» ይለዋል። ምሳውን ከየሱቁ እየቀመሰ መጨረስ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ኒሺኪ በመጀመሪያ ደረጃ ዓሣና አትክልት የሚሸመትበት ገበያ ነው። ጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት ይህን ሲዘነጉ ነው።

እየተራመዱ መብላት

ዋናው ስህተት ይህ ነው። በገበያው ውስጥ እየበሉ አለመሄድን የሚጠይቁ ማሳሰቢያዎች ተለጥፈዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ ጥበት ውስጥ ሾጣጣ ስንጥርና የሚንጠባጠብ ስጎ ይዞ የሚጋፋ ሰው የሌላውን ልብስ ያበላሻል፤ ሕፃንም ሊወጋ ይችላል። ትክክለኛው አካሄድ የገዙትን እዚያው ሱቅ ፊት ለፊት ወይም ሱቁ ባዘጋጀው መቀመጫ ላይ በልቶ መጨረስ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። በመንገዱ ላይ የሕዝብ ቆሻሻ መጣያ እንደልብ ስለማይገኝ ስንጥሩንና ሳህኑን ለሸጠው ሱቅ መመለስ ይገባል። ከአንዱ የገዙትን ይዞ ሌላው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ መብላትም ነውር ነው። ይህ ሥርዓት ምሳውን ያዘገየዋል፤ በእኔ ግምት ግን ያጣፍጠዋል እንጂ አይጎዳውም። ቆሞ የሚበላ ሰው ዓሣው ሲጠበስና እንቁላሉ ሲጠቀለል ያያል።

አመሻሽ ላይ መድረስ

የምሽት ገበያ መስሏቸው የሚመጡ አሉ። አብዛኞቹ ሱቆች በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ይከፈታሉ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ መዝጋት ይጀምራሉ። እኩለ ቀን ላይ መላወሻ ስለማይኖር 5 ሰዓት ሳይሞላ መግባት ይበጃል። አንዳንድ ሱቆች፣ በተለይ ነባሮቹ፣ ረቡዕ ወይም እሑድ ያርፋሉ። በነገራችን ላይ ሱቆቹ ከተዘጉ በኋላም ገበያው የሚታይ ነገር አያጣም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1716 በዚሁ ገበያ ከአትክልት ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደው ሠዓሊ ኢቶ ጃኩቹ የሣላቸው አእዋፍና አትክልቶች በሱቆቹ መዝጊያ ላይ ተባዝተው ይታያሉ። ሆድ ግን በሥዕል አይሞላም።

በመጀመሪያዎቹ ሱቆች መጥገብ

መንገዱን አንዴ ዳር እስከ ዳር ሳይገዙ ይሂዱበት። ከምዕራብ ከታካኩራ ጎዳና ተነሥተው በምሥራቅ ጫፍ ኒሺኪ ተንማንጉ ቤተ መቅደስ ሲደርሱ ምን እንዳለ አውቀዋል፤ ሲመለሱ ይምረጡ። ሁለት ሆነው ከሄዱ አንዱን ለሁለት ይካፈሉት።

ፎቶው ያማረውን ብቻ መብላት

በብዛት ፎቶ የሚነሣው ታኮ ታማጎ ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ የድርጭት እንቁላል የተሞላ፣ በስንጥር የተሰካ ቀይ ትንሽ ኦክቶፐስ። ይቅመሱት፤ ክፉ አይደለም። የኪዮቶ እውነተኛ ጣዕም ግን ሌላ ቦታ ነው። ከተማዋ ከባሕር ራቅ ያለች በመሆኗ ማብሰያ ቤቶቿ በደረቀ ዓሣ፣ በአኩሪ አተርና በአትክልት ላይ ተራቅቀዋል። ገበያው ራሱ እዚህ የቆመው የከርሰ ምድሩ ውኃ ቀዝቃዛና ንጹሕ ስለሆነ ነው፤ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ዓሣው በዚያ ውኃ ሳይበላሽ ይቆይ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1615 የዓሣ ገበያ ሆኖ ከመንግሥት ፈቃድ አግኝቷል። ስለዚህ በዓሣ መረቅ የተለወሰውንና ንብርብር ሆኖ የሚጠቀለለውን የዳሺማኪ እንቁላል፣ ከአኩሪ አተር ወተት ላይ የሚገፈፈውን ዩባ፣ በጨው የተብላላውንም አትክልት ሳይቀምሱ አይውጡ። በብርዱ ወራት የሚዘጋጀው ሴንማይዙኬ የሚሠራው እንደ ወረቀት ሳስቶ ከተቆረጠ ትልቅ ክብ ሥር ነው፤ ወቅቱ ከገጠመ አይለፉት። ለቅምሻ የሚቀርቡት ናሙናዎች ግን ለገዢ የታሰቡ ናቸው፤ በእነርሱ ምሳን መሸፈን ያስተዛዝባል።

አትክልት የመሰለውን ሁሉ የጾም ማለት

እዚህ ላይ ጾመኞችና ሥጋ ነክ የማይበሉ ሰዎች ይታለላሉ። የተቀቀለው ድንችም፣ ቶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር አይብም፣ ሾርባውም ብዙውን ጊዜ የሚበስለው ዳሺ በሚባል መረቅ ነው፤ ይህ መረቅ በአብዛኛው የሚወጣው ከባሕር አረምና ከደረቀ የቦኒቶ ዓሣ ነው። ሚሪንና ሳኬ የሚባሉት የሩዝ መጠጦችም ስጎ ውስጥ ስለሚገቡ አልኮል የማይነካ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። የማይበሉትንና የማይጠጡትን በጃፓንኛ በወረቀት አስጽፎ መያዝ በምልክት ከመነጋገር ይሻላል።

ገንዘብን በሚመለከት

ካርድ የማይቀበሉ ትንንሽ ሱቆች ስላሉ የየን ሳንቲሞች ይያዙ። ጉርሻ አይሰጥም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2019 ጥቅምት (ኦክቶበር) ጀምሮ የፍጆታ ግብሩ ይዘው ለሚሄዱት ምግብ 8 በመቶ፣ እዚያው ተቀምጠው ለሚበሉት ደግሞ 10 በመቶ ነው፤ በአንድ ምግብ ላይ ሁለት ዋጋ ተጽፎ ካዩ ሻጩ እያታለለዎት አይደለም።