ከግፊት መለኪያው በፊት እጁን ያዙ

ድንገተኛ ክፍል ለምትሠሩ አንድ ነገር ልበላችሁ። በሽተኛ ተዝለፍልፎ ሲገባ ግፊት መለኪያ ፍለጋ አትሯሯጡ። መጀመሪያ እጁን ያዙት። ቀዝቅዟል? ላብ አጥምቆታል? አንጓው ላይ ያለው ትርታ ፈጣንና ደካማ ነው? ከዚያ የጣቱን ጫፍ በልቡ ከፍታ ይዛችሁ ለ5 ሰከንድ ጫን አድርጉና ልቀቁት። የነጣው ቦታ ቀለሙ እስኪመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ ደሙ እስከ እጅና እግሩ ጫፍ ድረስ በደንብ እየደረሰ አይደለም። (በሽተኛዋ ሴት ሆና ጥፍሯ ላይ እንሶስላ ወይም ቀለም ካለ የደረቷን አጥንት ተጫኑ። ብርድ ላይ የቆየ እጅም ይሸውዳል።)

«የላይኛው ግፊቱ 110 ነው» ተብላችሁ አትዘናጉ። በተለይ ወጣት ከሆነ፣ እስከ 30 በመቶ የሚሆን ደሙ ፈስሶ እንኳ ግፊቱ ላይወርድ ይችላል። እኔ በየ10 ደቂቃው እጁን መልሼ እነካለሁ። ቅዝቃዜው ከጣቱ ወደ ክንዱ እየወጣ ከሆነ ቶሎ ሰው እጠራለሁ።