የላንድሮቨር ትራንስፈር ኬዝ በጓሮ

ላንድሮቨሬ በፈረንጆች 1975 የተሠራች ሲሪስ 3 ናት። ትራንስፈር ኬዟ (ከካምቢዮ የሚመጣውን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን) መጮህ ሲጀምር ጓሮዬ ውስጥ ራሴ ፈታሁት።

መጀመሪያ ዘይቱን አፍስሱ። የብረት ብናኝ ካለበት ልብ በሉ። ከዚያ የታችኛውን ክዳን ፍቱ።

ዋናው ሥራ የመካከለኛው ማርሽ ነው። ዘንጉን ስትስቡ ማርሹን በእጃችሁ ደግፉት፤ ከባድ ነው፣ ሮንዴላዎቹም ይወድቃሉ። የትኛው በየት በኩል እንደነበር ጻፉ። ዘንጉ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አትራሩለት፣ ቀይሩት። ኩሽኔታዎቹን እኔ ሁሌም በአዲስ እተካለሁ።

ስትገጥሙ የማርሹን የጎን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች) ለኩ። ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከሰፋ ወፍራም ሮንዴላ አስገቡ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ እኔ ሦስት ጊዜ አውጥቼ መልሼዋለሁ። ከዚያ 2.5 ሊትር የውፍረት ቁጥሩ 90 የሆነ የካምቢዮ ዘይት ሙሉበት።