ብርዱ ሳይገባ፦ በእንግሊዝ አገር ስለ ቦይለር፣ ስለ ቧንቧና ስለ ጋዝ

አዲስ አበባ ላይ ቦይለር ስንል መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በኤሌክትሪክ ውሃ የሚያሞቀውን ዕቃ ማለታችን ነው። እንግሊዝ አገር በዚሁ ስም የሚጠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጋዝ የሚሠራ ሲሆን፣ የገላና የወጥ ቤት ውሃ ከማሞቁ ሌላ በየክፍሉ በተተከሉት ራዲያተሮች ውስጥ ሙቅ ውሃ እያዘዋወረ ቤቱን በሙሉ ያሞቃል። ለንደን ውስጥ በዚህ ሙያ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ማለዳ ማለዳ የቧንቧ ዕቃ መሸጫው ደጃፍ ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ ከየአገሩ የመጣን ባለሙያዎች የየዕለቱን ገጠመኝ እንጨዋወታለን። ከምንሰማው ብዙው ተከራዩ በአምስት ደቂቃ ሊያስተካክለው ይችል የነበረ ነገር ነው፤ አስከፊዎቹ ጥቂቶች ደግሞ መነካት ያልነበረበትን ከመንካት የመጡ ናቸው። አዲስ የሚገባ ወገን ይህን ድንበር ከመጀመሪያው ቀን ቢያውቀው እወዳለሁ።

ቤቱ ቀዝቅዞ ሙቅ ውሃም ከጠፋ፣ አስቀድመው የጋዝ ቆጣሪውን ይመልከቱ። ብዙ የኪራይ ቤቶች እንደ አገር ቤቱ የመብራት ካርድ ቆጣሪ ሂሳብ አስቀድሞ የሚሞላባቸው ስለሆኑ፣ ሂሳቡ ሲያልቅ ቦይለሩም ይቆማል። ሂሳብ ካለ ቀጥሎ የሚታየው ቦይለሩ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ ነው። ዕቃው ቀዝቃዛ ሳለ መርፌዋ ከ1 እስከ 1.5 ባር መካከል ልትሆን ይገባል፤ ከ1 በታች ከወረደች ቦይለሩ ላይነሣ ይችላል። መሙያው ብዙውን ጊዜ ከቦይለሩ ሥር የሚገኝ፣ በተጠለፈ ሽቦ የተሸፈነ ተጣጣፊ ቱቦ ነው፤ ጫፎቹ ላይ ያሉትን መክፈቻዎች ቀስ አድርጎ ከፍቶ፣ መርፌዋ 1.5 ስትደርስ ሁለቱንም አጥብቆ መዝጋት ነው።

መዝጋቱን አደራ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ምሽት የተጠራሁበት ቤት አባወራው ቱቦውን ከፍቶ የሕፃን ልጁን ለቅሶ ሊያበርድ ሄዶ ኖሮ፣ ሲመለስ መርፌዋ ቀዩን ክልል አልፋ አገኛት። ግፊቱ 3 ባር ሲደርስ የደኅንነት ቫልቩ በራሱ ተከፍቶ ውሃውን ከግድግዳው ውጭ በወጣው የመዳብ ቱቦ ማፍሰስ ጀምሯል፤ ቫልቩ የተሠራውም ለዚሁ ነው። እሱ ግን ይፈነዳል ብሎ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። መሙያውን ዘግቼ፣ የአንዱን ራዲያተር ማስተንፈሻ ለዚሁ በተሠራች ትንሽ ቁልፍ ከፍቼ አንድ ሁለት ኩባያ ጥቁር ውሃ ቀዳሁና መርፌዋ 1.3 ላይ ረጋች። ግፊቱ በየሳምንቱ የሚወርድ ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ውሃ ያፈስሳልና መሙላቱን ትተው ባለሙያ ያስጠሩ።

ራዲያተሩ ከታች ሞቆ ከላይ ከቀዘቀዘ አየር ይዟል ማለት ነው፤ ማሞቂያው ጠፍቶ ከበረደ በኋላ በዚያችው ቁልፍ አየሩ ሽው ብሎ ወጥቶ ውሃ እስኪታይ ይተንፍሱት። ውርጭ በጠናበት ማለዳ ቦይለሩ እየተንጎራጎረ ከቆመ ደግሞ፣ ከቤቱ ውጭ የወጣችው የቦይለሩ የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ በረዶ ሠርታ ይሆናል። አንድ አንጋፋ እንግሊዛዊ የሥራ ባልደረባዬ ያስተማረኝ፣ መሣሪያ ከማውጣት በፊት ቱቦዋን በእጅ መዳሰስ ነው። ለብ ያለ ውሃ በላይዋ ያፍስሱ፤ የፈላ ውሃ ግን ቱቦዋን ሊሰነጥቃት ይችላል።

የውሃው ዋና መዝጊያ ብዙ ጊዜ ወጥ ቤት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነው፤ ቧንቧ ፈንድቶ ከመፈለግ በገቡበት ቀን ይወቁት። ንጥር ቅቤና የወጥ ዘይት ወደ ማጠቢያው አይድፉ፤ ቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ይረጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ኋይትቻፔል ሰፈር ከመሬት በታች ባለው የፍሳሽ መስመር የተገኘው የስብና የቆሻሻ ክምር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ያህል ክብደት ነበረው።

የቦይለሩን የውስጥ ክፍልና የጋዝ መስመሩን መንካት ግን ጋዝ ሴፍ በተባለው የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ ለተመዘገበ ሰው ብቻ የተፈቀደ ነው። አገር ቤት የታወቀ ባለሙያ የነበረ ዘመድ ቢኖርዎትም በዚህ ላይ አይለምኑት። የመጣው ሰው ፎቶ ያለበትን መታወቂያ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ጀርባው ላይ ለየትኛው ሥራ ብቃት እንዳለው ተጽፏል። ስለተጠየቀ የሚቀየም እውነተኛ ባለሙያ እስካሁን አላየሁም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከሰል ነው። ለቡና ብለን የምናቀጣጥለው ከሰል አገር ቤትም ሰው አፍኖ እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ ደግሞ መስኮቱና በሩ ለብርዱ ተብሎ ጥርቅም ያለ ስለሆነ አደጋው ይብሳል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም፤ የሚሰማው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሲሆን ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ያፍሉ፤ ከሰል ቤት ውስጥ ከነጭራሹ አያስገቡ። የተበላሸ ቦይለርም ይህንኑ ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ከጮኸ ሁሉም ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ። ጋዝ ከሸተተዎ ደግሞ መስኮት ከፍተው፣ መብራት ሳያበሩም ሳያጠፉም፣ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዘግተው ይውጡና በ0800 111 999 ይደውሉ፤ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ክፍያም የለውም።

ብዙ ወገኖቻችን አከራዩ ያስወጣናል ብለው ፈርተው ሳምንታት በብርድ ይቀመጣሉ። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ በእንግሊዝ ማሞቂያውን፣ ሙቅ ውሃውንና ቧንቧውን የማስጠገን ግዴታ የጣለው በአከራዩ ላይ ነውና። የጋዝ ዕቃዎቹንም በየ12 ወሩ አስመርምሮ የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ሊሰጥዎ ይገባል። ስለዚህ ብልሽቱን በስልክ ቢነግሩትም እንኳ ቀኑን ጠቅሰው በጽሑፍ ይላኩለት፣ የግፊት መለኪያውንም ፎቶ አንሥተው ያያይዙ፤ ዝም ካለ ይህንኑ ይዘው የአካባቢዎ ማዘጋጃ ቤት የመኖሪያ ቤቶች ክፍል ዘንድ ያመልክቱ።