የኤስ20ን አማካይ ኦርደር አባላቱን ሳይዘረዝሩ ማስላት

የአንድ ውሱን ግሩፕ አማካይ ኦርደር የሚገኘው የአባላቱን ኦርደር (አንድ አባል ስንት ጊዜ ተደጋግሞ ሲተገበር ምንም ወደማይለውጠው አባል እንደሚመለስ የሚገልጸውን ትንሹን ቁጥር) ሁሉ ደምሮ ለብዛታቸው በማካፈል ነው። የሲሜትሪክ ግሩፑ የኤስ20 አባላት (ፐርሙቴሽኖች፣ ማለትም 20 ነገሮችን ቦታ የማቀያየሪያ መንገዶች) ግን 2,432,902,008,176,640,000 ስለሆኑ፣ ፐርሙቴሽኖቹን አንድ በአንድ የሚዘረዝረው ፕሮግራም በላፕቶፕ የሚያልቅ አልሆነም፤ ጅማ ውስጥ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰሞን ኤስ12 እንኳ ትዕግሥት ይፈታተናል።

መፍትሔው የተገኘው ከኮንጁጌሲ ክላስ (x በgxg⁻¹ ወደ ሌላው የሚለወጥባቸው አባላት ስብስብ) ነው። በአንድ ክላስ ያሉ አባላት ኦርደራቸው እኩል ነው፤ በሲሜትሪክ ግሩፕ ደግሞ እያንዳንዱ ክላስ ከአንድ ፓርቲሽን (ቁጥሩን የአዎንታዊ ሙሉ ቁጥሮች ድምር አድርጎ ከመጻፊያ መንገድ) ጋር ይገጥማል፤ የ20 ፓርቲሽኖችም 627 ብቻ ናቸው። ኦርደሩ የሳይክሎቹ (ነገሮቹ በዙር ቦታ የሚለዋወጡባቸው ክቦች) ርዝመቶች ትንሹ የጋራ ብዜት ሲሆን፣ የክላሱ መጠን የሚገኘው 20 ፋክቶሪያልን ለርዝመቶቹ ብዜት፣ ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ርዝመት ድግግሞሽ ፋክቶሪያል በማካፈል ነው። ለማመሳከር በኤስ5 ብንጀምር፣ ባለ3 እና ባለ2 ሳይክል ያላቸው አባላት 120 ÷ 6 = 20 ናቸው፤ ኦርደራቸው 6 ስለሆነ ለድምሩ 120 ያዋጣሉ። ጠቅላላው 471፣ አማካዩ 3.925 ሆነ፤ ከዝርዝሩ ፕሮግራም ውጤት ጋርም ገጠመ።

የክላሱን መጠን ሳያባዙ የክላሶችን ኦርደር ብቻ ማማከል ግን ሌላ ቁጥር ይሰጣል። በኤ5 (በጥንድ ብዛት የሁለት ነገር ልውውጦች በሚገኙት የኤስ5 ፐርሙቴሽኖች ግሩፕ) ትክክለኛው አማካይ 211/60 ሲሆን፣ የአምስቱ ክላሶች አማካይ 16/5 ነው፤ እዚያ 24ቱ ባለ5 ሳይክሎች 12 12 ሆነው ለሁለት ክላስ ይከፈላሉ።

የኤስ20 ድምር በ64 ቢት ኢንቲጀር ስለማይያዝ፣ የኢንቲጀር መጠን የማይገድበውን የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተንን መጠቀም ይሻላል።