በከርል የተላከ ፎርም ላይ «+» ሲጠፋ

ሁለት ቀን የፈጀብኝ ነው። ፎርሙ በከርል (ከትእዛዝ መስመር ለሰርቨር ዳታ በሚልክ ፕሮግራም) ሲላክ ሰርቨሩ 200፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ይመልሳል፤ ዳታቤዙ ውስጥ ግን የስልክ ቁጥሩ «+» ባዶ ቦታ ሆኗል፣ አስተያየቱም «&» ካለበት ጀምሮ ተቆርጧል።

መጀመሪያ ዳታውን በነጠላ ጥቅስ ከበብኩት። ለውጥ የለም፤ ጥቅሱ ለሼሉ (ትእዛዙን ለሚያነበው ፕሮግራም) እንጂ ለሰርቨሩ አይደለም። በትልቁ «-ኤፍ» ሞከርኩ፤ ይሄ በመልቲፓርት (እያንዳንዱን መስክ በተለየ ክፍል አድርጎ) ይልካል፣ ሰርቨሩ ግን መልቲፓርት አይቀበልም።

«--ትሬስ-አስኪ» (ከርል የሚልከውን የሚያሳይ አማራጭ) ጨምሬ የሚወጣውን ሳየው ነገሩ ተገለጠ። ዳታውን የላክሁበት ትንሹ «-ዲ» የሰጠነውን እንዳለ ነው የሚልከው፣ ኢንኮድ አያደርግም (ልዩ ምልክቶችን በ% ወደሚጀምር ኮድ አይቀይርም)። በፎርም አጻጻፍ ደግሞ «+» ባዶ ቦታ ማለት ነው፣ «&» የመስኮች መለያ።

የሠራልኝ «--ዳታ-ዩአርኤልኢንኮድ» ነው፣ ለእያንዳንዱ መስክ ለየብቻው ተጽፎ። ሁሉንም በአንዱ ውስጥ ካጨቃችሁት መለያው «&» ራሱ %26 ይሆንና ሰርቨሩ አንድ መስክ ብቻ ያያል፤ ግማሽ ቀን የበላብኝ ይሄ ነው።