ሶንን በሰባት ሰው ለመጫወት

ሶን የኩባ የዘፈንና የዳንስ ሙዚቃ ነው። ሴፕቴቶ ናሲዮናል የተባለው የሶን ቡድን በኩባ ዋና ከተማ ሃቫና ውስጥ ሲመሠረት እ.ኤ.አ. 1927 ነበር፤ መሪው ኢግናሲዮ ፒኜሮ ቤዝ ተጫዋች ነበር። በዚያው ዓመት ትራምፔት ሲጨመር ቡድኑ ሰባት ሆነ፦ ትሬስ (ጊታር መሰል የኩባ መሣሪያ)፣ ጊታር፣ ኮንትራባስ (ቤዙ)፣ ቦንጎ (አንዷ ከሌላዋ የምትተልቅ ጥንድ ትናንሽ ከበሮ)፣ ማራካስ (የሚንቀጫቀጭ ጥንድ ቅል)፣ ክላቬ (እርስ በርስ የሚመታ ጥንድ እንጨት) እና ትራምፔት። ማራካሱንና ክላቬውን ዘፋኞቹ ይይዛሉ። ዛሬም ሶን ለመጀመር ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት የለም።

ሁሉም የሚለካው በክላቬ፣ ማለትም እንጨቶቹ በሚደጋግሙት ምት ነው። ሁለት ባር (እኩል የምት ክፍል፣ እያንዳንዱ ስምንት ቁጥር) ከ1 እስከ 16 እኩል ቁጠሩና 1፣ 4፣ 7፣ 11 እና 13 ላይ ምቱ። ይህ ሦስት-ሁለት ይባላል፤ ዜማው ሁለት-ሦስት ከጠየቀ ሁለተኛው ባር ይቀድማል። አንዴ ከተጀመረ ግን እስከ መጨረሻው አይገለበጥም። እንጨቱን በጣት ጫፍ አሳርፉት፣ መዳፋችሁም ከሥሩ ይጎድጉድ፤ ከተጨበጠ ድምፁ ይታፈናል።

ብዙ ቡድን የሚሰናከለው ቤዙ ላይ ነው። ቤዝ 4 እና 7፣ ከዚያም 12 እና 15 ላይ ይመታል፤ 1 እና 9 ላይ አዲስ ኖታ አይመታም። 7 ላይ የሚመታው ኖታ ደግሞ የሚቀጥለው ባር ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ነው፤ ኮርዱ ቀድሞ ስለሚደርስ ሙዚቃው ወደፊት ይስባል። ቤዙ 1ን ልርገጥ ካለ ያ መሳብ ይጠፋል። መድኃኒቱ፦ መሣሪያውን አስቀምጡ፣ በእግር 1፣ 5፣ 9 እና 13ን እየረገጣችሁ የቤዙን ዜማ በአፍ አሰሙ።

ቦንጎ አሥራ ስድስቱንም ይመታል፤ ትልቋ ከበሮ 7 እና 15 ላይ ከቤዙ ጋር ትገናኛለች። ማራካሱም ያንኑ ሳያቋርጥ ይሞላል።

ትሬስ ሦስት ጥንድ ክር አለው፤ ሶል፣ ዶ፣ ሚ ተብሎ ይቃኛል። የሶሉ ጥንድ በኦክታቭ ይራራቃል (ያው ኖታ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ)፣ የዶው እኩል ነው። ኮርድ መግረፍ የጊታሩ ሥራ ነው፤ ትሬስ ኖታ እየነጠለ አጭር ሐረግ ይደጋግማል። ሁለቱም ከገረፉ ክላቬው አይሰማም።

ግጥሙ አልቆ ሞንቱኖ (የአውጪና የተቀባይ ክፍል) ሲገባ አውጪው ይፈጥራል፣ ተቀባዮቹ ያንኑ መስመር ይመልሳሉ። ቦንጎ መቺው ደወል ያነሣል፤ ትራምፔቱ አውጪው በሚተነፍስበት ክፍተት ብቻ ይገባል። ፍጥነት ሾልኮ የሚያመልጠውም እዚህ ነው። ሲያመልጥ ክላቬና ማራካስ ብቻቸውን ይቀጥሉ፣ ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጥና በየተራ ይመለስ፤ መጀመሪያ ቤዝ፣ ከዚያ ትሬስ።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኩባዊው ትሬስ ተጫዋች አርሴኒዮ ሮድሪገስ ፒያኖ፣ ኮንጋ (ረጅም ከበሮ) እና ተጨማሪ ትራምፔቶች አስገብቶ ቡድኑን አሰፋ። ፒያኖ ካላችሁ የትሬሱን ተደጋጋሚ ሐረግ ስጡት፤ የግራ እጁ ግን ቤዙን አይደርብ።